ከመኪናዬ ኋላ የቆመው ነጭ ጋቢ

እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ዛላ በርበሬ ከሽንዲና ከዙሪያዋ ገበሬዎች እገዛለሁ፤ ቡሬ አምጥቼ እለቅማለሁ፤ ከዚያ መንገዱ ደኅና በሆነ ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር እልካለሁ። ሥራው ያስነጥሳል እንጂ ክፉ አይደለም። ክፉው መኪና መለመን ነው። የራሱ መኪና የሌለው ነጋዴ በባለመኪና ፊት እንዴት እንደሚስቅ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብዙ ዓመት እንደዚያ ስስቅ ኖሬአለሁ። አርፍደው ሲመጡ ስቄአለሁ፤ ከተስማማነው በላይ ሲጠይቁኝ ስቄአለሁ፤ ጆንያዬን በጫማቸው ረግጠው ሲወጡበት እንኳ ጥርሴን ነክሼ ስቄአለሁ።

መሳቅ የተውሁት በአንድ የኅዳር ቀን ነው። ከሽንዲ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር በርበሬዬን ደርድሬ፣ ሊጭንልኝ ቃል የገባልኝን ባለመኪና እጠብቅ ነበር። በኅዳር እንደዚያ ያለ ዝናብ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ሰማዩ ጠቆረ። ሰውየው መጣ፤ መኪናው ግን የሌላ ሰው ሰሊጥ እስከ አፉ ጭኖ ነበር። ፍጥነቱን ሳይቀንስ ክላክስ አደረገልኝ፤ እጁንም አውለብልቦልኝ አለፈ። ሰላምታ መሆኑ ነው። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ነጠላዬን አውልቄ ጆንያው ላይ ጣልሁ፤ አንድ ነጠላ የስንቱን ጆንያ አናት ይሸፍናል? የዚያ ዓመት በርበሬዬ ነጭ ሻጋታ አወጣ። እዚያው መንገድ ዳር ከራስ እስከ እግሬ ርሼ ቆሜ፣ ከእንግዲህ ለማንም ባለመኪና አልስቅም አልሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ መኪና ልገዛ ነው አልኋቸው። ባለቤቴ ቄስ ናቸው። ከእኔ በዕድሜም በትዕግሥትም ይበልጣሉ፤ እኔ ቶሎ እነድዳለሁ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ያበርዱኛል። ያን ቀን ግን ሊያበርዱኝ አልሞከሩም። የረጠበ ቀሚሴን አዩና «በምንሽ ትገዥዋለሽ?» አሉ ብቻ። የነበረኝ ቡሬ ገበያ ውስጥ ያለው መጋዘኔ ነው። በርበሬ የምለቅምበት፣ የማከማችበት፣ ሰው ሁሉ «የቄሱ ሚስት መጋዘን» ብሎ የሚያውቀው። እሱን ሸጥሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። መኪናዋ ከሠራች ነጋዴ ነኝ፤ ካልሠራች መጋዘንም መኪናም የሌላት፣ መንገድ ዳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ የሰው ፊት የምታይ ሴት ነኝ።

መኪናዋን ያገኘኋት ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ግቢ ውስጥ ነው። ሰውየው ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው መንዳት የተዉ ናቸው። ገና አረፍ ከማለቴ «ልጄ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሞተሯ የራሷ አይደለም» አሉኝ። የራሷ ሞተር ዓባይ በረሃ ውስጥ ተሰብሮባቸው፣ ከተገለበጠ ሌላ መኪና የወጣ ሞተር ገዝተው አስገብተውላታል። የገዙበትን ወረቀት አሳዩኝ። ለውጡ ግን ሊብሬዋ ላይ አልጸደቀም፤ ሊብሬው የሚያወራው ስለ ሞተው ሞተር ነው። ገዢ የሚሸሻትም ለዚህ ነበር። እኔን ግን የሰውየው ነገር ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከላይ ያማረ ዛላ ደርድሮ ከሥር ብስባሽ ከሚያሽግ ሰው ጋር ስጨቃጨቅ የኖርሁ ሴት ነኝ። ብስባሹን አስቀድሞ የሚያሳይ ሰው ሲገጥመኝ እሸነፋለሁ።

ቢሆንም በወሬ አልገዛም። በማግስቱ ማንም ሳይጠብቀኝ ማለዳ ሄድሁና፣ ኮፈኗን አስከፍቼ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍሁ። ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተር አሙቆ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። «አሁን ያስነሡልኝ» አልኋቸው። ሳለች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ግቢው ውስጥ የነበሩ ዶሮዎች ተበተኑ። ከዚያ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ተስተካከለና ጭሷም ቀጠነ። ባለቤቴም ለኪዳን ሲነሡ እንደዚያው ነው የሚስሉት። ማለዳ መሳል ነውር አይደለም አልሁና ገዛኋት።

ሹፌር የቀጠርሁት የዱርቤቴ ተወላጅ ነው። ቡሬ ገብቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጆች አፍርቶ የኖረ ጎልማሳ ሲሆን ቃል ከአፉ በመከራ ነው የሚወጣው። ባለቤቴ ደግሞ የንስሐ አባቱ ናቸው። መኪናዋን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ያመጣናት እኔና እሱ ነን። ባዶ መኪና ሲሄድ ማየት ስለሚያመኝ፣ ቤት ለሚሠራ ጎረቤቴ ብሎኬት ጫንሁባት። ዳገቱ ላይ ሞተሯ አገሣ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ያ የማለዳው ጥቁር ጭስ የለም። ነገሩን ልብ ሳልለው አለፍሁ። ያን ጊዜ ልቤ ጭሱ ላይ አልነበረም፤ የመንገዱ ሰው እኔን ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ እያየኝ እንደሆነ ነበር የማጣራው።

ቡሬ ገበያ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። አንድ እህል ነጋዴ አለ፤ የቀድሞው መጋዘኔ ጎረቤት፣ አፉ የማያርፍ። እሱ «የእንጀራ ልጅ» የሚል ስም አወጣላት፤ ሞተሯ ከሌላ እናት ነው ማለቱ ነው። ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔም በቁሜ መለስሁለት፤ «እኔን ያሳደገችኝ የእንጀራ እናት ናት፤ ምን ጎደለብኝ? አንተን የገዛ እናትህ አሳድጋህ ይኸው ወሬ ስትለቅም ትውላለህ!» ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ስሙ ግን መኪናዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ምርመራው ነበር። የሞተር ለውጡ ሊብሬዋ ላይ የሚጸድቀው፣ የዓመቱ ቦሎም መስታወቷ ላይ የሚለጠፈው፣ ፍኖተ ሰላም ምርመራ ግቢ ገብታ ፍሬኗን፣ መብራቷንና ጭሷን አሳይታ ካለፈች ነው። ለጭሱ መለኪያ መሣሪያ አላቸው። ቀጭን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይከቱና ሹፌሩን ነዳጅ ያስረግጡታል፤ ጭሱ ከበዛ መሣሪያው አይምርም። አሮጌው ቦሎ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ በርበሬውም ማሳ ላይ እየቀላ ነው። ያን የማለዳ ጥቁር ጭስ ለባለቤቴ ነገርኋቸው።

«ይህን ለእኔ ተይልኝ» አሉ ባለቤቴ።

ባለቤቴ ቄስ ከመሆናቸው በፊት የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ዛሬም ያርሳሉ። ከብት ለገበያ ሲዘጋጅ ምን እንደሚደረግለት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ያርፋል፣ በደንብ ይበላል፣ ይታጠባል፣ መንገድ ላይ አይቸኮልበትም። ከባዕድ ሰው ፊት የሚቀርብ ሁሉ እንደዚያ መሆን አለበት ብለው ያምናሉ። «ያው እሷም የደከመች ፍጥረት ናት» አሉና ሳምንቱን ሙሉ ጭነት ከለከሉ። እኔ ልብስ የማጥብበትን ሳሙና ወስደው ጎማዋን ሳይቀር አሳጠቧት፤ ጠበል ረጩባት። በየማለዳው ሹፌሩ ግቢያችን ውስጥ ያስነሣታል፤ ባለቤቴ ዳዊታቸውን ደግመው እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው ቆማ ስታጉረመርም ትቆያለች። «እንዳይበርዳት ያህል ነው፤ አታድክማት» ይሉታል። ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ «እሺ አባቴ» ይላል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

የምርመራው ዕለት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሄድነው ነፍሰ ጡር እንደ ጫነ ሰው ነው። ባለቤቴ መኻል ተቀምጠው «ቀስ በል ልጄ፣ አታስጨንቃት» ይላሉ። ባጃጅ ሳይቀር ቀደመን። እኔ በቁጣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ግቢው ስንደርስ ወረፋ ነበር። ባለቤቴ ሞተሯን አስጠፉና «ትተንፍስ» ብለው ኮፈኗን አስከፈቱ። ተራችን ሲደርስ እንደዚያ ማለዳ፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ። ፍሬኗን አየ፣ አለፈች። መብራቷን አየ፣ አለፈች። ከዚያ ቱቦውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ባለቤቴም ተከተሉት። ያን ቀን በዋዜማው ያጠብሁላቸውን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ቆሙና መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩ። «እርገጠው!» አለ መርማሪው። ሹፌሩ ረገጠው።

ኋላዋ ጥቁር ሆነ። ያን ሁሉ ማለዳ በሆዷ ያጠራቀመችውን በአንድ ጊዜ ተፋችው። ጭሱ ሲሳሳ ባለቤቴ መስቀላቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል፤ ጺማቸው ጠቁሯል፣ ጋቢው ከደረት እስከ ጫፉ የከሰል ጆንያ መስሏል። ወረፋ ከያዙት አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መርማሪው ከንፈሩን ነክሶ ወደ እኔ መጣ። «እናቴ፣ አላለፈችም» አለኝ። «አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ ትመለሳላችሁ። ያኔም እንዲህ ካጨሰች የሞተር ለውጡን ማጽደቅ አንችልም፤ ይህ ሞተር ወርዶ ሌላ መግባት አለበት።»

ሌላ ሞተር! በምን? የምሸጠው መጋዘን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሄዷል።

ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ የባለቤቴን ፊት በመሐረብ ልጠርግ ብል «ተይው» አሉኝ። ቡሬ ስንገባ ያ እህል ነጋዴ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ ጋቢውን አየና «አባ፣ የእንጀራ ልጂቱን መቼ ነው የሚፈቱልን?» አለ። ለሞተ ሰው የሚደረገውን ፍትሐት ነው የሚያወራው። ባለቤቴ ፈገግ ብለው አለፉት። እኔ ፈገግ የምል ሰው አይደለሁም፤ ተቃጠልሁ። የተቃጠልሁት ለመኪናዋ ብቻ አልነበረም። ሰው ሲያያቸው ነጠላውን የሚያስተካክልላቸው ባሌ፣ በእኔ መኪና ምክንያት የገበያ መሳቂያ ሆነው ነበር።

በማግስቱ ጋቢውን ዘፍዝፌ ማሸት ጀመርሁ። የመጀመሪያው ውኃ ጥቁር ወጣ። ሁለተኛውም ጥቁር። እያሸሁ ስናደድ፣ እየተናደድሁ ሳስብ፣ ብሎኬቱን ጭነን የመጣንበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን ዳገቱ ላይ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ንጹሕ መንገድ። ያችው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያውም ያን ሁሉ ብሎኬት ተሸክማ! ታዲያ ይህ ሁሉ ጥላሸት ከየት መጣ? እጄ በአረፋ እንደተሞላ ተነሣሁና ግቢው ውስጥ መኪናዋ ጥላ ሥር ወደ ተቀመጠው ሹፌር ሄድሁ።

«አንተ ሰው» አልሁት፣ «ብሎኬት ጭነን በመጣን ለት ዳገቱ ላይ ይህች መኪና አጭሳለች?»

«አላጨሰችም እትዬ።»

«ለምን?»

መሬት መሬት አየ። «ሥራ ላይ ነበረቻ።»

«ዛዲያ የገደላት ዕረፍቱ ነው? ተናገር እንጂ! መጋዘኔ ነው የተሸጠ!»

«በቁሟ ስታጉረመርም ጥላሸት ትይዛለች» አለ በመጨረሻ። «ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ትግላለች፤ ያን ጊዜ ታቃጥለዋለች። ቀዝቅዛም መመርመር አልነበረባት።»

«ይህን እያወቅህ ምነው ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልህ?»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥፋት አይደለም፤ ጭንቀት ነው። «እትዬ» አለኝ፣ «እናቴን የፈቱ፣ ልጆቼን ያጠመቁ የንስሐ አባቴ ናቸው። ‹አባቴ፣ ተሳስተዋል› እንድላቸው ነው የሚፈልጉ?»

እውነቱን ነው። እኛ አገር ሰው ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን ይነግራል እንጂ ስለ ናፍጣ አያስተምራቸውም። ለእኔ ግን የንስሐ አባቴ አይደሉም፤ ባሌ ናቸው።

ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠበቅሁና ገና መቋሚያቸውን ሳያስቀምጡ ተናገርሁ። «አባ፣ መኪናዋን የጣላት የእርስዎ ዕረፍት ነው። ይህ ሰው ያውቅ ነበር፤ እርስዎን አፍሮ ዝም አለ።» ከዚያ ብሎኬቱንም፣ ዳገቱንም፣ የየማለዳውን ማጉረምረምም አንድ በአንድ ዘረገፍሁላቸው። ባለቤቴ ሲቆጡ አልፈራቸውም፤ ሲቆጡ አይቼም አላውቅ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ «ያን ልጅ ጥሪልኝ» አሉ።

ሹፌሩ ገብቶ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ልጄ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባቴ።»

«እኔን አፍረህ የዚችን ሴት እንጀራ ልትደፋው?»

አንገቱን ደፋ።

«ቀኖና አለብህ» አሉት።

ጾም ወይም ስግደት እንደሚጠብቅ ያስታውቃል፤ ትከሻው ወደ ታች ወረደ። ባለቤቴ ቀጠሉ፤ «ኸሽንዲ በቆሎ እስካፏ ድረስ ትጭንባታለህ። ዳገቱን ሳታዝንላት ታወጣታለህ። ‹ቀስ በል› የሚልህ ቢኖር፣ እኔም ብሆን፣ አትሰማም። ፍኖተ ሰላም፣ ኸዚያ ግቢ እስክትደርስ ሞተሯን አታበርድም። ቀኖናህ ይህ ነው።»

የቄስ ሚስት ሆኜ ስኖር እንዲህ ያለ ቀኖና ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ሹፌሩ መስቀል ተሳለመና ቀና ሲል ጥርሱ ታየ፤ ከቀጠርሁት ጀምሮ ሲስቅ ማየቴ ነበር። እኔም ምላሴ አላርፍ ብሎኝ «እርስዎስ አባ? እርስዎ ቀኖና የለብዎትም?» አልሁ።

«የራሴን እኔ አውቃለሁ» አሉኝና ተነሡ።

ፊልትሮዋን ቀየርን፤ ዘይቷንም። ከዚያ ሽንዲ ወረድን። በርበሬ የምገዛቸው ገበሬዎች በቆሏቸውን አምጥተው ጋሪ እያቆሙ ጫኑ፤ ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራ ጎበጠ፣ ጭነቱ እስከ ስፖንዳዋ ጫፍ ሞላ። ባለቤቴ አሮጌ ጋቢ ደርበው፣ ያን ያጠብሁትን ነጭ ጋቢ ደግሞ በፌስታል አጥፈው ይዘዋል። «ለምንዎ ነው ሁለት ጋቢ?» ብላቸው «ይበርደኛል» አሉ። ጋቢናው ውስጥ ከሙቀቱ የተነሣ እኔ ያልቦኛል።

ዳገቱ ሲጀምር ያ ዝምተኛ ሰው ሌላ ሰው ሆነ። «በይ እሜቴ! በይ!» እያለ ማርሽ ይቀይራል፣ ነዳጅ ይረግጣል። ሞተሯ ግቢያችን ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አገሣ። መጀመሪያ ኋላችን ጨለመ፤ መስታወቱ ውስጥ ከጭስ በቀር የሚታይ አልነበረም። ባለቤቴ ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ ተክለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቀስ በል ግን አላሉም። በሚቀጥለው ዳገት ጭሱ ግራጫ ሆነ። ቀጥሎ እንደ ማለዳ ጉም ሳሳ። አንድ ኩርባ ስንዞር ቦታውን አወቅሁት፤ ያ ሰውዬ በክላክስ ሰላም ብሎኝ ያለፈበት፣ በርበሬዬ የረጠበበት መንገድ ዳር። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። መንገዱ ይታያል። ዛፎቹ ይታያሉ። ከኋላችን በእግራቸው የሚመጡት ሰዎች ፊታቸውን እንኳ አልሸፈኑም።

ኮራሁ። ይህን ለመናገር አላፍርም። ያን ሁሉ በቆሎ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው መኪና የእኔ ናት፤ ማለዳ በመዳፌ ዳስሼ የመረጥኋት፣ መጋዘኔን የሸጥሁላት። የተገለበጠ መኪና ሞተር ይሁን፣ ከየትም ይምጣ፣ አሁን የሚያገሣው ለእኔ ነው። ቡሬን ስናልፍ ሹፌሩ ሳልነግረው የዚያ ነጋዴ ደጅ ላይ ረዥም ክላክስ አሰማ።

ፍኖተ ሰላም ደርሰን ሞተሯ ሳይጠፋ በቆሎውን አራገፍን። ሹፌሩ እንዳትቀዘቅዝ ብሎ የከተማውን ዳገት ደጋግሞ ካዞራት በኋላ ግቢው ገባን። መርማሪው ገና ሲያየን አወቀንና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ተራችን እስኪደርስ ሞተሯ አልጠፋም፤ ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ ቀኖናውን ይጠብቃል።

ቱቦው ጭስ ማውጫው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከጋቢናው ወረዱ። አሮጌውን ጋቢ አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ፌስታሉን ፈቱ። ነጩን ጋቢ ዘርግተው ለበሱ፤ ጫፉን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄደው ጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ቆሙ።

«አባ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ፤ ይጠቁራሉ» አላቸው መርማሪው ደንግጦ።

«ተወኝ ልጄ» አሉት። «ባለፈው የቆምሁት እዚህ ነው።»

የራሴን አውቃለሁ ያሉት ይህን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ወረፋው ላይ የነበሩት ሰዎች ሊያዩ ተጠጉ፤ ለመሳቅ የተዘጋጀም ነበረ። እኔ አሮጌውን ጋቢ ደረቴ ላይ ጨብጬ ይዣለሁ። የማስበው ስለ ሊብሬውም ስለ ቦሎውም አልነበረም። እባክሽ፣ እኚህን ሰው ዳግመኛ አታጥቁሪያቸው እላታለሁ በሆዴ።

«እርገጠው!»

ሞተሯ ጮኸ። ጋቢው በትኩሱ አየር ወደ ኋላ ተርገበገበ፤ የባለቤቴ ጺም ሳይቀር ተንቀሳቀሰ። ጋቢው ነጭ ነበር። «ድገመው!» ደገመው። ነጭ ነው። መርማሪው መሣሪያውን አየ፤ አላመነም መሰለኝ አንዴ ደግሞ አስረገጠው። በመጨረሻ መሣሪያውን ትቶ ራሱ ሄዶ ጋቢውን በጣቱ ነካ አደረገና ጣቱን አየ።

«አልፋለች» አለ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ባለቤቴ ከፊታችን በዝግታ ዙሪያቸውን ዞሩ፤ ፊታቸውንም ጀርባቸውንም ሁሉም እንዲያየው፣ እንደ ሙሽራ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና «አጭሳለች?» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር የመጣልኝን መለስሁ፤ «ሁለታችሁም የምትስሉት ማለዳ ማለዳ ብቻ ነው» አልኋቸው። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ያን ጊዜ ነው ሞተሯን ያጠፋት።

ሞተሩ ሊብሬዋ ላይ ጸደቀ፤ ቦሎውም መስታወቷ ላይ ተለጠፈ። የበርበሬው ወቅት ሲደርስ ማንንም ሳልጠብቅ ጫንሁ። ያ እህል ነጋዴ እንኳ ሳምንት ሳይሞላ መጥቶ «እትዬ፣ ትንሽ ጤፍ ነበረችኝ፣ ቦታ ካለሽ…» ብሎ ሲስቅልኝ ያን ሳቅ ወዲያው አወቅሁት። ወረፋ እንዲይዝ ነገርሁት። ተራው ሲደርስ ጭኜለታለሁ፤ ክላክስ አድርጌ ያለፍሁት ሰው የለም።

ጋቢውን ግን ማጠብ አልቻልሁም። ጥላሸት ባይይዝም ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበርና ልዘፍዝፈው ስል ባለቤቴ ከእጄ ወሰዱት። ከምርመራው በኋላ ባለው እሑድ ያንኑ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዛፉ ሥር ተሰብስቦ ሰላም ሲባባል፣ ያው ነጋዴ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ አለና አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «አባ፣ ዛሬ ምን ምን ይሸታሉ?» አላቸው።

«የሚስቴ መኪና ነው የምሸት» አሉ ባለቤቴ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜ ሰማሁ። ያን ቀን ሳቅሁ፤ ለማንም ብዬ ሳይሆን ደስ ብሎኝ።